ፊት የለውም ስለተባለው ክብ ጉባኤ ቤት

ላሊበላ፣ ኅዳር ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ቢሆነኝ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተ ሰብዎ፣ ከብትዎ፣ አዝመራዎ፣ በተለይም በስብሰባ ብዛት የደከመው ጉሮሮዎ ደኅና እንዲሆንልኝ እመኛለሁ። እኔ ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ፤ ዓይኔም ቢሆን በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ያስለጠፉትን ውሳኔ እስከ ፊርማው ድረስ ለማንበብ አላነሰኝም።

ውሳኔው የሚናገረው ከቤቴ አጠገብ ስላለው ክብ ቤት ነው። አያቴ ያቆሙት፣ አባቴ መሪጌታ ምስጋኑ በምድር ቤቱ ቅኔ፣ በፎቁ ዜማ ሲያስተምሩበት የኖሩት ጉባኤ ቤት የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ እንዲሆን፣ በጥር ወር የምሥራቁ ግድግዳ ፈርሶ በምትኩ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይሠራል፣ የሣር ክዳኑም ወርዶ ቆርቆሮ ይለብሳል ይላል። ጎልማሶች ፊደል ይቁጠሩ መባሉን ከማንም በፊት ደግፌአለሁ፤ ሴት ልጅ ቅኔ ምን ያደርግላታል በሚባልበት ዘመን በዚያ ምድር ቤት ተቀምጬ የተማርሁ ነኝና። ስለዚህ የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩ኛ. ቤቱ ፊት እንደሌለው ስለደረሱበት እናመሰግናለን። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ጓድ አረጋ ቤቱን ደጋግመው ዞረው «ፊቱ የት ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልስ ያጣነው፣ እስከ ዛሬ ፊት አስፈልጎን ስለማያውቅ ነው። አባቴ መካከል ላይ ምሰሶውን ተደግፈው ይቀመጡ ነበር፤ ተማሪዎቹም ዙሪያቸውን። ከማንም ኋላ የተቀመጠ ስላልነበረ ያንቀላፋ ሁሉ ይታይ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው በክቡ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እየተወዛወዘ አስተማሪውን እንዳስቸገረ ሰምቻለሁ። ለሰሌዳ ሲባል ግድግዳ ማፍረስ ትልቅ ሐሳብ ነው፤ ሰሌዳውን ከምሰሶው ጋር ማሰር ግን እንደኔ ያለች አሮጊት ብቻ የምታስበው ተራ ነገር ነው።

፪ኛ. ግድግዳው «ያለ ዕቅድ የወፈረ» ተብሎ መጻፉንም አንብቤአለሁ፤ ዕቅዱን እንዳስረዳ ዕድል ስለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ። በአያቴ ጊዜ ቅኔ የተበላሸበት ተማሪ ከሸለቆው ቀይ ድንጋይ ተሸክሞ ወጥቶ፣ ጭቃ አቡክቶ በግድግዳው ላይ ያስቀምጥ ነበር። እንግዲህ ቤቱን ያቆመው የተማሪዎች ስሕተት ነው ማለት ነው። የሰሜኑ ግድግዳ የቀጠነው ጎበዞች በበዙበት ዓመት ስለተሠራ ነው። ይፍረስ የተባለው የምሥራቁ ግን፣ ከበሩ እስከ ድንጋይ ደረጃው ድረስ፣ ከሁሉ የወፈረ ነው። አባቴ እንደነገሩኝ ያንን ክፍል ብቻቸውን ለማለት በሚቻል ሁኔታ ያቆሙት የእርስዎ አያት ናቸው። ነፍሳቸውን ይማር፣ ጽኑ ሰው ነበሩ፤ ሲሳሳቱም ይጸኑ ነበር። የፎቁን የጽድ ወለል እስከ ዛሬ የተሸከመው የእርሳቸው ድንጋይ ነው።

፫ኛ. ስለ ቆርቆሮው የማቀርበው ምስጋና ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። በነሐሴ ይህን ጉዳይ ለመወሰን የተሰበሰብነው በአዲሱ ጽሕፈት ቤት፣ በሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ ሥር ነበር። እርስዎ መናገር ሲጀምሩ በረዶም ጀመረ። አፍዎ ሲንቀሳቀስ እናያለን፤ ከዚያ በላይ ግን ያገኘነው ነገር አልነበረም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሙሉዬ ጆሮዬ ሥር ገብታ ስትጮህብኝ እርሷንም አልሰማኋት። ያን ጊዜ በጥበብዎ ስብሰባው ወደ ጉባኤ ቤቱ እንዲዛወር በእጅዎ አመለከቱና ነጠላችንን ተከናንበን ሁላችንም ሮጥን። በሣሩ ክዳን ሥር በረዶው እንደ ጥጥ ወረደ፤ ድምፅዎ ሳይጮኹ እስከ በሩ ተሰማ። ቤቱ መፍረስ ያለበትን ምክንያት አንድ በአንድ ዘረዘሩ፤ አንዲት ቃል ሳታመልጠን ሰማን፤ እጅ ወጣ፤ ከእኔና ከሙሉዬ በቀር። ስለ ራሱ መፍረስ የሚመክሩ እንግዶችን በዚህ ያህል አክብሮ ያስተናገደ ቤት አላውቅም። አለሜ የተባለው ጎረቤታችን ሲወጣ «ሊቀ መንበራችን ለካ ተናጋሪ ኖረዋል፤ ዛሬ ገና ሰማናቸው» ማለቱን ከምስጋናዬ ጋር ይቀበሉልኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። በዚያ ቤት ከዝናብ የተጠለለ ሰው፣ መንገደኛም ይሁን ሹም፣ ሰንበሌጡ ሲደርስ አንድ ሸክም አጭዶ ያመጣል። ያላመጣ በቤቱ ጉዳይ ቃል የለውም። ያመጣ ደግሞ ቤቱን ከከደኑት ሰዎች ይቆጠራል፤ የከደነ እጅ ክዳኑን አያወርድም። ይህ ልማድ በአዋጅ ተሽሮ እንደሆነ ብጠይቅ የሚያውቅ አላገኘሁም። በነሐሴ የተጠለሉት ሁሉ፣ እጃቸውን ያወጡትም ጭምር፣ ሣራቸውን አምጥተው በግቢዬ ከምረዋል። ከኮሚቴው ግን እስካሁን የመጣ የለም። ስለዚህ ድምፅ የሰጡትን ሰዎች ያመጡት ሣር አስሯቸዋል፣ ኮሚቴውን ደግሞ ሣር አለማምጣቱ ከልክሎታል፤ የሚያፈርስ ሰው ከየት እንደምናመጣ ይምከሩበት። ውሳኔው ቢነሣ ሰሌዳውን ከምሰሶው ጋር የማስርበት ጠፍር አለኝ፤ ትምህርቱም በማግስቱ ሊጀመር ይችላል።

በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ቦታ ስላጣሁ ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። የወፍጮ ተራ ከሚጠብቁት መካከል ማንበብ የማይችሉ ቢቸገሩ እኔ ቆሜ አነብላቸዋለሁ።

ለእርስዎና ለኮሚቴው የሚሰማ ንግግርና ደረቅ ጣራ እየተመኘሁ፣ በክብ ቤት ውስጥ ሌላ ቦታ የለምና ሁልጊዜ ከጎንዎ የምቀመጥ

አክባሪዎ
አመተ ሥላሴ ምስጋኑ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስወጣ እናትዎን ወይዘሮ ባንችይርጋን በአህያ ሰንበሌጥ አስጭነው ደጄ ላይ አገኘኋቸው። የማን እንደሆነ ብጠይቃቸው «የልጄ ነዋ። ተጠልሎ የለም እንዴ? ስብሰባ ስለሚበዛበት እኔ አጨድሁለት» አሉኝ። ሣሩ በስምዎ ገብቷል፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል፣ ከአያትዎ ግድግዳ በላይ ይታሰራል። እንኳን ቤቱን ወደ ከደኑት ሰዎች ማኅበር በደኅና መጡ። አቤቱታ ካለዎት ለእናትዎ ያቅርቡ።