ፍልውሃ ለምን ይሞቃል

ጎፋ፣ ኅዳር 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ደገፋ፣ የኔ ሰው፤

ይህን ቃል ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

አስቴር ጥርሷ ወልቋል። ጣሪያ ላይ የምወረውረው አባዬ ሲመጣ ነው ብላ በጨርቅ ቋጥራዋለች።

ከላንጋኖ የላክኸው ቃል ትናንት በቀበሌው አዳራሽ ተነበበ። «ባለቤቴ በስሕተት ተረድታው ነው። መሬት አይከፈልም።» ያነበበው ግዛው ነው፣ የውይይት መሪው። ቃሉ ግን ያንተ።

እንዴት እንደተጀመረ ከኔ ስማው። ጎረቤታችን እትዬ ማሚቴ ፍልውሃ ታጥበው ወደ ቀበሌው ውይይት መጥተው፣ «ያን ውሃ ማን ያሞቀዋል? ማገዶ የለ፣» አሉ። አስተማሪ ነኝ፤ መለስኩ። ከምድር ሆድ የሚመጣ ሙቀት ነው አልኩ። ያው ሙቀት ስምጥ ሸለቆን ከሥር እያሳበጠ፣ እያሳሳ ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ይሰምጣል፤ አንድ ቀን ባሕር ይገባበታል። ቀይ ባሕርም እንዲሁ ተከፈተ፤ ከሥሩ የቀለጠ ዓለት ዛሬም እየወጣ፣ እየቀዘቀዘ አዲስ ወለል ይሆናል።

ግዛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጓድ አረጋሽ፣ የሚገነጠለው የትኛው ክፍለ ሀገር ነው?»

ሰው ሳቀ።

«በሚሊዮን ዓመት ነው፣» አልኩ።

«በሚሊዮን ዓመት አብዮቱ አይኖርም ማለትሽ ነው?»

ማንም አልሳቀም። እትዬ ማሚቴ፣ «ኧረ ልጆቼ፣ እኔ የጠየቅሁት ስለ ገላዬ ነው፣» አሉ።

ማን አስተማረሽ ሲሉኝ ስምህን አልጠራሁም። ባለሙያ ይጠየቅ ብለው የመረጡት ራሳቸው ናቸው። አንተን።

አራስ ሳለሁ ገንፎውን እኔ ካላገነፋሁ ያልከው አንተ አይደለህም? ማማሰሉን ተውክና «ነይ፣ መሬት እንዴት እንደሚሰነጠቅ እዪ፣» አልከኝ። ላዩ አበጠ፣ ተሰነጠቀ፣ እንፋሎቱ ወጣ። አረረ። ያረረውን በላሁልህ። በስሕተት የተረዳሁት የቱን ነው?

ላንጋኖ ላይ፣ ከምድር በሚወጣው እንፋሎት መሃል ቆመህ ጉድጓድ እያስቆፈርክ፣ መሬት አይከፈልም ትላለህ። ፈርተህ ነው። እኔም እፈራለሁ። ፍርሃትህን ግን ለምን በኔ ስም ጻፍከው?

እሑድ በጉባኤ ፊት ግለ ሂስ አድርጊ ተብያለሁ። ተሳስቻለሁ ካልኩ ወደ ማስተማሬ እመለሳለሁ። ካላልኩ... ግዛው ነገሩን አልጨረሰውም።

አልልም። የከሰል ምድጃውንና ድስቱን ይዤ እሄዳለሁ። በፊታቸው አገነፋለሁ፤ አላማስልም። አይተው ይፍረዱ።

ይህ ሲደርስህ እሑድ አልፏል። ብርድ ልብስም እይዛለሁ፤ አዳራሹ ይበርዳል። አስቴር ከቅዳሜ ጀምሮ እትዬ ማሚቴ ዘንድ ትሆናለች። አንተ ስትመጣ ጥርሷን እንዳትረሳባት።

አምላክ ከእንፋሎቱም ከሰውም ይጠብቅህ።

አረጋሽ