የአባ ቦንቱ ጠመንጃ

ይድረስ ለባሌ፣ ለአባ ቦንቱ፤

ከተለያየን አንድ ክረምት አልፎ ሌላው ደጃችን ላይ ቆሟል። እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን መሬት ውስጥ ላለ ሰው ምን ተብሎ ሰላምታ እንደሚሰጥ መሠረተ ትምህርት ላይ አላስተማሩንም። ስለዚህ አንተ ጠዋት ጠዋት ትለኝ እንደነበረው ልበልህ፤ አከም ቡልቴ፣ አባ ቦንቱ። እኛ ደህና አድረናል።

የጓሮው ሙዝ አፍርቷል። ጣራው የሚያፈስበት ቦታ ተደፍኗል። ጸሎት ቤቱ እንደታሸገ ነው፤ እሁድ እሁድ በየቤታችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምራለን። ልጃችን ቦንቱ የፊት ጥርሶቿን ጥላ አዲስ አብቅላለች። በአማርኛ ትቆጣለች፣ በኦሮምኛ ታባብላለች። ቁጣው ከኪራሙ፣ ከእኔ ዘመዶች የመጣ ነው ይላሉ፤ ማባበሉ ያንተ ለመሆኑ ማንም አይጠራጠርም።

ጣውንቴም ደህና ናት። ሲሞኖቭህን ማለቴ ነው። የእህል መጋዘኑን በተራ አብሮህ ይጠብቅ ለነበረው ለዋቅጅራ ቀበሌው አስረክቦታል። አንድ ጠመንጃ ለሁለት ነበር የሰጧችሁ፤ አሁን ለብቻው ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ይዟት ወደ ጓሯችን ይመጣል፤ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ያንተ ቅዳሜዎች ትዝ ይሉሃል? ከሰዓት በኋላ ሙዙ ሥር ጆንያ ታነጥፋለህ። አቧራ ይነሳል ብለህ ጓሮውን እንኳ እንድጠርግ አትፈቅድልኝም። መጀመሪያ ጥይቶቹን አውጥተህ ቆብህ ውስጥ ታኖራለህ። ባዶ መሆኗን በዓይንህ አይተህ አላምን ስትል ትንሿን ጣትህን ከትተህ ትዳስሳለህ። አፈሙዟን ወደ ሙዙ አዙረህ ትፈታታታለህ፤ እያንዳንዱን ብረት በወጣበት ተራ ጆንያው ላይ ትደረድራለህ፣ ስትገጥማት ከመጨረሻው እንድትጀምር። ከሥሯ የምትመዘዘውን ዘንግ በጨርቅ ጠቅልለህ ውስጧን ትወለውላለህ፤ ጨርቁ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ኋላ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። ዘይቱ ላይ ግን እንዴት ያለህ ቆንቋና ነበርክ! ከመድኃኒት ብልቃጥ በስንጥር ጫፍ ጠብ ታደርጋለህ፣ ታሻለህ፣ መልሰህ ትጠርገዋለህ። ቀብተህ ለምን ትጠርጋለህ ስልህ፣ ብረትም እንደ ሰው ነው፣ ሲጠግብ ይሰንፋል ትለኝ ነበር።

እኔ ታዲያ እቀና ነበር። የኔ ፀጉር ቅቤ ካየ ስንት ጊዜው ነው፣ ጣውንቴ ግን በየሳምንቱ ትቀባለች እልህ ነበር። አንተ ገጥመህ ስትጨርስ ባዶዋን ምላጭ ትስባለህ። ቀጭ ትላለች። ወደ እኔ ዞረህ፣ ሰማሻት፣ ስምሽን ጠራች ትለኛለህ። ውሸታም ነበርክ፤ እኔም ውሸትህን እየጠበቅኩ ቅዳሜን እወድ ነበር።

የወለጋ ሰው ኑግ የማያድነው ነገር ያለ አይመስለውም። የበር ማጠፊያ ሲጮህ ኑግ፣ ቆዳ ሲደርቅ ኑግ፣ ደረት ሲታፈን ኑግ። አንተ ወባ ጥሎህ ሳምንታት በተኛህበት ጊዜ የመሣሪያው ዘይት አልቆ ነበር። ዋቅጅራ ቅዳሜዋ እንዳታልፍ ብሎ፣ ስትነሳ ደስ እንዲልህ ብሎ፣ እናቱ ቤት የተጨመቀ ኑግ አምጥቶ ጥይቱን እስከምትመታው መርፌዋ ድረስ አጠጣት። ላይዋ እንደ መስታወት አበራ። ኑግ ግን ሲሰነብት እንደ ሙጫ ይይዛል። የዘይት ጠርሙስ አፍ አጥባ የምታውቅ ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ ወንዶች ጠርሙስ አያጥቡም።

አልጋህን ለቅቀህ ተራህን በተቀበልክበት ጠዋት፣ ገና ፈተህ ሳታያት፣ ሌቦች የመጋዘኑን በር ሰበሩ። ምላጭ ሳብክ። ጣውንቴ ዝም አለች። እነሱ የያዙት ግን ዝም አላለም።

ለቅሶው ላይ ዋቅጅራ ከቤቱ ጀርባ ጠርቶኝ መሬት ላይ ተደፋ። ሀዳ ቦንቱ፣ ዲፈማ ናፍ ጎዲ፣ የቦንቱ እናት፣ ይቅር በይኝ አለኝ፤ ያደረገውን ሁሉ ነገረኝ። ይቅር አላልኩትም። እውነቴን ነው፣ ልወረውርበት ድንጋይ ፈለግኩ፤ እጄ ያገኘው የቦንቱን ጫማ ሆነና እሱን ወረወርኩበት። ጫማውን አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ መለሰልኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ጠመንጃዋን ጠረጴዛ ላይ ፈተው፣ የተጋገረውን ዘይት በቢላ ጫፍ ፍቀው አሳዩን። ሊቀመንበሩ ይህ አሻጥር ነው አለ። ያ ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ የተጠራ ሰው ወደ ቤቱ እንደማይመለስ አንተም ታውቃለህ። ማን ነው የቀባት ብሎ ጠየቀ። ዋቅጅራ ከኋላ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሊናገር ጉልበቱን ሲሰበስብ አየሁት። ከጎኑ ያለችው እናቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ነበር።

ከእሱ ቀድሜ ተነሳሁ። ባሌ ነው አልኩ። ወባው ሳይጥለው በፊት ዘይት ቢያጣ ከማድ ቤቴ ኑጉን ወስዶ ሲቀባት አይቻለሁ አልኩ። ሟች አይታሰርም። ሊቀመንበሩ ከንፈሩን መጠጠ፣ እንግዲያው ነገሩ አለማወቅ ነው አለና ስብሰባው ተበተነ። በነቀምቴ ካንተ በላይ መሣሪያ የሚጠነቀቅ ሰው አልነበረም፤ አላዋቂ ያስባልኩህ እኔ ሚስትህ ነኝ። ይቅር ብዬው አልነበረም። አንድ ሬሳ ከቤታችን ወጥቷል፣ ሁለተኛው በእኔ ዝምታ እንዳይወጣ ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስምህ መተረቻ ሆነ። በሰፈራችን፣ በከኒሳ ቀሴ ውስጥ ክብሪት አልጫር ሲል፣ የጭነት መኪና አልነሳ ሲል፣ የአባ ቦንቱ ጠመንጃ ይላሉ። ገበያ ላይ አንዱ ነጋዴ ፋኖሱ እምቢ ቢለው ይህንኑ አለ፤ እኔ ፊቱ ቆሜ በርበሬ ስመርጥ። ማን እንደሆንኩ አላወቀም። በርበሬዬን ይዤ ሄድኩ።

ይህን እችለው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ቦንቱ ኮሌታዋ ተቀዶ ከትምህርት ቤት መጣች። ስላንተ ተረቱባት፣ ተደባደበች። አባዬ እውነት አያውቅም ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንተን ያህል የሚያውቅ እንዳልነበረ ልነግራት ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ የልጅ አፍ ወንፊት ነው። መርፌና ክር አምጥቼ ኮሌታዋን ሰፋሁ።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ዋቅጅራ የሚመጣው አንተ ታደርገው የነበረውን እኔ እየነገርኩት እሱ እንዲያጸዳት ነው፤ እዚያ ጆንያ አጠገብ ሆኜ ያየሁትን ሁሉ አልረሳሁም። ትናንት ግን ጆንያውን ሳይዘረጋ ቆመ። የተሰፋውን ኮሌታ አይቶታል። ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ የሰው ስም አራክሼ መኖር መረረኝ አለኝ።

ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ይሂድ አለኝ አንዱ፤ ስምህ ይመለሳል፣ ልጅህም አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ሌላው ያንን የተወተፈ ነጠላ አስታወሰኝ። ጆንያውን እኔው ዘረጋሁት። ኋላ ተቀመጥ አልኩት። ተቀመጥና ወልውላት።

አባ ቦንቱ፣ ስምህን ለሰው ነፍስ ስሰጥ አላማከርኩህም። ብጠይቅህ እሺ እንደምትል አውቃለሁ፤ ሙዝ ሲበስል ከእኛ በፊት ለጎረቤት የምትቆርጥ ሰው ነበርክ። ቢሆንም ስሙ ያንተ ነበርና መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ይኸው ዘግይቼ ጠየቅኩህ። ይህን ወረቀት የት እንደምደብቀው ግን ገና አላወቅኩም።

ቃል የምገባልህ ይህን ነው። ሰው እውነት ተናግሮ ቤቱ የሚያድርበት ቀን ሲመጣ፣ ቦንቱን እዚያው ሙዙ ሥር አስቀምጬ ከብልቃጡ ጀምሬ እነግራታለሁ። እስከዚያ ድረስ በስምህ በቀለዱ ቁጥር እኔ ያቺን በስንጥር ጫፍ የምታንጠባጥባትን ዘይት አስባለሁ።

ዋቅጅራ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ወለወላት። ከልብስ ሰፊው የለመንኩትን የስፌት መኪና ዘይት በስንጥር አቀበልኩት፤ ቀባ፣ አሸ፣ ጠረገ። ገጥሞ ሲጨርስ አፈሙዟን ወደ ሙዙ አዙሮ ባዶዋን ምላጭ ሳበ። ቀጭ አለች። ስም ጠራች፤ የማንን እንደሆነ ለዋቅጅራ አልነገርኩትም።

ሚስትህ፣ ሀዳ ቦንቱ