የሀጎስ ሰማያዊ ቱታ

ልጄ አብርሃ፣ የደጃችን ልደታ ማርያም በሄድክበት ትቅደምልህ፤ የሰው አገሩ የሶፊያ ብርድ አይድፈርህ። ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን የዙሃራ ልጅ ማንም ሳይከፍተው በእጇ ስለምታደርስልህ እንደ ልቤ ልናገር።

የመኪና መለዋወጫ የሚሠራ አዲስ ፋብሪካ ሰው ሊቀጥር ነው ሲባል የጌጃ ሰፈር ወጣት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ታናሽህ ሀጎስም ተነሣ። የቀበሌ ሰዎች ለውትድርና እንዳያፍሱት ጓዳ ደብቄ ያከረምኩት ልጅ! ያለ ቀበሌ ደብዳቤ ደግሞ አይቀጥሩም። «እማ፣ ከአልጋ ሥር ከማረጅ ይሻለኛል» ብሎኝ በጠራራ ፀሐይ ቀበሌ ገባ። ደብዳቤውን ሰጡት፤ ተቀጠረም።

አሁን ሰማያዊ ቱታ ለብሶ መኪናውን ከሥር የሚሸከመውን ብረት፣ ባሌስትራ የሚሉትን፣ ይሠራል። የቱታው ግራሶ በሳሙና አልለቅ ብሎ እጄን ላጠው፤ ሳሙናውም በወረፋ ነው። ፋብሪካው ሠራተኛውን በአፈሳ አያስነካም ይላሉ። እኔ ግን ማታ የሰርቪሱን ክላክስ እስክሰማ ከደጃፍ አልነሣም። ካመሸ አብነት ሰፈር ድረስ ወጥቼ እጠብቀዋለሁ። «ጓደኞቼ ፊት አታዋርጂኝ» ብሎ ይቆጣኛል። ኧረ ይቆጣ።

ልጄ፣ ትምህርትህን ስትጨርስ በእኔ ምክንያት ለመምጣት አትቸኩል። ናፍቆትህን እችለዋለሁ፤ ደጃፍ ተቀምጬ የምጠብቀው ልጅ አንድ ይበቃኛል። እናት «ለአገርህ ያብቃህ» ብላ ነበር የምትመርቀው። እኔ ግን ደክሞኛል፤ ባለህበት ያቆይህ።

እናትህ ወለተሃና