ኡሙሃኒ ወልደ ሚካኤል

ደሴ፣ ግንቦት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለጡት እናቴ፣
ቆቦ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ያ ቁርጥማት ዘንድሮ ማረሽ ወይስ ክረምቱን ሳይጠብቅ ጀመረሽ? በልጉ ቀረ ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ የደሴን ብርድ ብቻ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ሲቲንና ልጆቿን፣ ጎረቤቱንም ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ይህን ደብዳቤ ለሲቲ ልጅ ሰጥተሽ እንዳታስነብቢ። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀትሽን ግድግዳ ላይ የሰቀልሽው ለጌጥ አይደለም። ፊደሉን አተልቄ የጻፍኩት ላንቺ ብዬ ነው፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ ሲደክምሽ አስቀምጠሽ ነገ ቀጥይ።

ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ ቆቦ ነው። እዚህ ሰው ካፖርት ለብሶ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ያ ሙቀታችን ይናፍቀኛል። ማሽላው ሲደርስ ከገበያ ስትመለሺ ነጠላሽ ውስጥ ደብቀሽ የምታመጪልኝ ጥንቅሽ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ስንመጥጥ ከንፈሬ ሲቆረጥ የምትስቂብኝ ሳቅ፣ እሱ ሁሉ ናፈቀኝ።

መጀመሪያ ቤትሽ የመጣሁት ለጠላ ቤትሽ ውሃ ልቀዳ ነበር። ዋጃ ሳለን አባቴ ታሂር ትምህርት ቤት አስገብቶኝ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር፤ ድርቁ እሱንም እናቴንም ሲወስዳቸው ትምህርቱም አብሮ ቀረ። አንቺ ግን ሳምንት ሳይሞላኝ እንስራውን ከጀርባዬ አወረድሽና፣ ልጅ በዚህ ሰዓት ትምህርት ቤት ነው የሚገኘው አልሽ። የሌላ ሰው ልጅ ከውሃ መንገድ ላይ እንዲህ ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

ዳይሬክተሩ የቀበሌ ደብዳቤ ከሌላት አልመዘግብም አለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ሞላ ደግሞ ከአባቷ አገር፣ ከገበሬ ማኅበር አጽፋ ትምጣ አለ። ከአባቴ አገር ማን ሊጽፍልኝ? ያለቀው አልቆ የቀረው ተበትኖ፣ መንደሩ ግራር ብቻ ሆኗል። መስከረምና ጥቅምት እንዲሁ አለፉ። ውሃ ልቀዳ ስሄድ በትምህርት ቤቱ አጥር ስር ቆሜ፣ ልጆቹ ማባዛት ሲሉ እኔም በውስጤ አብሬያቸው እል ነበር። አይተሽኝ ኖሯል።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ በዋንጫ ማር ይዘሽ፣ እኔን በእጄ እየጎተትሽ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገባሽ። ሰዎች ተሰብስበው ነበር። አውራ ጣትሽን ማሩ ውስጥ ነክረሽ አጠባሽኝና፣ ይኸው ጡቴን ሰጥቻታለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ናት፣ ምስክሮቼ እናንተ ናችሁ፣ አንተም ጻፍ አልሽው። ጓድ ሞላ ይሄ የፊውዳል ልማድ ነው፣ አብዮቱ አያውቀውም ሲል፣ ታዲያ አብዮቱን ማን አጠባው ብለሽ ጠየቅሽው። ሰዉ ሳቁን ጋቢው ውስጥ ቀበረ። እኔ ያስሩሻል ብዬ ቀሚስሽን ጭብጥ አድርጌ ይዤ ነበር። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና ብዕሩን አነሳ። የአባት ስም ሲልሽ የሟቹን የባልሽን ስም ሰጠሽኝ።

በማግስቱ ከሣጥንሽ አውጥተሽ ያለበስሽኝ ዩኒፎርም ልክክ አለልኝ። ሳትለኪኝ እንዴት እንደገጠመ ገርሞኝ ነበር።

ኡሙሃኒ ወልደ ሚካኤል ተብዬ ስጠራ ክፍሉ ይስቅ ነበር። ግማሿ መስጊድ፣ ግማሿ ቤተ ክርስቲያን ይሉኝ ነበር። ኩርፊያዬን ይዤ ስመጣ፣ እንግዲያውስ የማንም ጸሎት አያመልጠኝም በያቸው አልሽኝ። ለፋሲካ በሬ አሳርደሽ ለእኔ የእስላም ሥጋ ከሲቲ ቤት ታስመጪልኝ የነበረውን እዚህ ሳወራ የማያምነኝ ሞልቷል።

አሁን እዚህ የሆነውን ልንገርሽ፤ ካለፈ በኋላ ነውና አትደንግጪ። አስተማሪ ሆነን ለመውጣት የመጨረሻው ፈተና ሲቃረብ፣ አንድ ሰው ይቺ ልጅ በሰው ወረቀት ነው የምትማረው ብሎ ጠቆመ። የመምህራን ማሠልጠኛው ኮሚቴ ጠርቶ የወለደሽ ማነው ሲለኝ ታሂር አልኩ። ወረቀቱ ላይ ያለውስ ሲሉኝ ወልደ ሚካኤል አልኩ። ሁለቱም አባቶቼ ናቸው ብላቸው ማን ይስማኝ? ነገሩ ተጣርቶ እስኪመጣ ከፈተናው ታገድኩ። ሁለቴ ደብል መትቼ፣ በኩራዝ አጥንቼ የደረስኩበት ሁሉ ሊቀር ነበር። ያልጻፍኩልሽ በእግርሽም ቢሆን እንደምትመጪ ስለማውቅ ነው። እውነቱን ልንገርሽና የፈራሁት አንቺን ነበር። በሐሰት ምለሽ አታውቂም። ወልደሻታል ወይ ካሉሽ አለቀልኝ ብዬ ነበር።

አንቺ ዘንድ የተላኩት አቶ ታረቀኝ ትናንት አስጠርተው ያልሽውን ነገሩኝ። ወልደሻታል ወይ ሲሉሽ፣ አዎ አልሽ። የት ሲሉሽ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት። መቼ ሲሉሽ፣ በስልሳ ስምንት፣ በኅዳር። ያን ጊዜ እኮ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች ቢሉሽ፣ አዎ፣ ትልቅ ሆና ነው የተወለደችው ብለሽ ጠላ ቀዳሽላቸው። ጓድ ሞላም ተጠርቶ፣ ስትወለድ አይቻለሁ ብሎ መሰከረልሽ። አቶ ታረቀኝ ይህን ሲያወሩኝ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪጠርጉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ ቀደመኝ።

ሊነሱ ሲሉ የቤት ስም አላት ወይ ብለው ጠይቀውሽ፣ አስረሳሽ ነው የምላት ብለሻቸዋል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሳልጠይቅ ደብተሬን አጥፌ ተነሣሁ አሉኝ። እኔ እኮ እማዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ ስም አቤት ስልሽ፣ ኡሙሃኒ ማለት ለአፍሽ ከብዶሽ ይመስለኝ ነበር። ያ ዩኒፎርም የማን እንደነበር አልጠይቅሽም። መናገር ስትፈልጊ ግን አጠገብሽ እሆናለሁ።

እገዳው ተነሥቶልኝ ሰኞ ለፈተና እቀመጣለሁ። ምደባ የት ትፈልጊያለሽ ሲሉኝ ሮቢት ወይም ዋጃ ብዬ አስመዝግቤአለሁ። ሌሎቹ ከተማ ሲለምኑ እኔ ቆላ ስል አበደች ብለውኛል። ከዚያ ወገን ያለ ደብዳቤ የሚመጣ ልጅ መቼም አይጠፋም፤ በትምህርት ቤቱ በር ላይ እኔን ቢያገኘኝ ብዬ ነው።

አላህ ዕድሜሽን ያቆይልኝ፤ ሚካኤልሽም ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ክረምቱ ሳይገባ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ልጅሽ፣
አስረሳሽ