የመጀመሪያውን ጆንያ አትቅመሺ

ይድረስ ለልጄ ለኝላን፣ ታምባኩንዳ

ልጄ ኝላን፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? በሆድሽ ያለውስ እንዴት ነው? ባልሽ፣ የባልሽ እናት፣ ግቢው ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። የምለውን የምትጽፍልኝ ከዳካር መጥታ ውኃችንን የምትመረምረው ኡሌይ ናት። ስሰድባትም ሳታስቀር እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ።

እንደምታውቂው ለምግብ የሚሆነንን ዛጎል የምንለቅምበት የባሕሩ ክንድ ክረምቱን ተዘግቶ ይከርማል፤ የሚከፈተውም በእኔ እጅ ነው። ዘንድሮ ኡሌይ ከሌላ ቦታ ንጹሕ ዛጎል አምጥታ፣ በመረብ ከረጢት ከታ ውኃው ውስጥ አንጠለጠለች። ዛጎል ውኃውን እያጠለለ ስለሚኖር መርዝ ካለ ሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል አለችኝ። "አባባ፣ መልሱ ከዳካር እስኪመጣ አይክፈቱ" ብላ ለመነችኝ። "አንቺ ልጅ፣ ጥርስ ሳታወጪ እኔ እዚህ ውኃ ውስጥ ነበርኩ። ደግሞ ዛጎል ምስክር ሆኖ ሲቆም የት አየሽ?" አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ። የመዝጊያውን እንጨት ነቅዬ ከፈትኩ። ዛጎሉ እንደ ዘንድሮ ወፍሮ አያውቅም።

መልሱ መጣ። በከረጢቱ ዛጎል ውስጥ እርሳስ የሚሉት ብረት ተገኘ። ከላይ፣ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ ከሚያቀልጡበት ግቢ የሚወርድ መርዝ ነው። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፤ ቢቀቅሉትም ቢያጨሱትም አይለቅም። ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው በሆድ ያለ ልጅ ነው አለች።

አጭሰን ያደረቅነው የመጀመሪያው ጆንያ ዛጎል በወጋችን ርቆ ላለ ልጅ ነው። ላንቺ ልኬዋለሁ። ነጋዴው ሞዱ ይዞት በየገበያው እያደረ ወደ አንቺ እየመጣ ነው። ይህን ደብዳቤ የያዘው ሾፌር ይቀድመው ይሆናል። የመጀመሪያ ጆንያ አይመለስም፣ ለሌላም አይሰጥም፤ ያረገዘች ሴት ቀድማ ትቀምሰዋለች። የባልሽ እናት "ቅመሺ እንጂ፣ ነውር ነው" ትልሻለች። ውኃውን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ አትቅመሺ የምልሽም እኔ ነኝ። ለዶሮም አትበትኚው፤ ጉድጓድ አስቆፍረሽ ቅበሪው። ቀምሰሽ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂና እርሳስ ነው በያቸው። እንዳትደብቂኝ።

እንጨቱን መልሼ ተክያለሁ። ሴቶቹ ግን "ሽማግሌው ፈራ" እያሉ በጎን ይገባሉ። አዎ፣ ፈርቻለሁ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ወንድምሽ ዋሊ ሰላም ብሎሻል። እህትሽ ንዴላም ሰላም ብላሻለች፤ እሷ እያጠባች ነው፣ ከእኛው ጋር በልታለች። ገና ስም ላልወጣለትም ሰላም በዪልኝ። አያትህ ሞዱን የሚቀድም ሰው ፈልጎ ልኳል በዪው።

አባትሽ ዲዮጎይ
ፋንዳንግ ደሴት፣ ሳሉም
ኖቬምበር 12 ቀን 1991