አስራ ሁለት ሰዓት ያልሽኝ ዕለት

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 2005 ዓ.ም.

ውድ እታለም፣

ቡሬ ገባች ሲሉ ከሰማሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ፈሪ ነኝ፤ መቼስ ታውቂኛለሽ።

ጤና ኬላሽ ውስጥ የክትባት ማቀዝቀዣውን ሶላር የገጠምኩት እኔ ነኝ። ባትሪው ያለ ፀሐይ አንድ ሌሊት፣ አስራ ሁለት ሰዓት ሙሉ መያዝ ነበረበት። አጠገቡ ቁጭ ብሎ መፈተን የኔ ሥራ ነበር። እኔ ሆዬ ጅጋ ሠርግ ተጠርቼ «እታለምዬ፣ የፓነሉን ገመድ ንቀዪና እስኪጠፋ ጠብቂልኝ» ብዬሽ እብስ አልኩ። በማግስቱ ደወልኩ።

«ባትሪውስ? ስንት ሰዓት?»

«አስራ ሁለት ሰዓት» አልሽኝ።

እሰይ ብዬ ቅጹ ላይ ፈረምኩ። አንቺ የነገርሽኝ ግን የጠፋበትን ሰዓት ነበር። እኩለ ቀን ላይ ነቅለሽው ማታ አስራ ሁለት ላይ ጠፋ፤ ስድስት ሰዓት ብቻ!

መድኃኒቱ ሌሊት ሌሊት ሲሞቅ ከረመ። ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ስለሚቀዘቅዝ አንቺ በምን ታውቂ? ኩፍኝ ቀበሌው ገባ። የከተብሽው የሀብትነሽ ልጅ ዘመኑ ሞተ። «ክትባት ብላ ውሃ ነው የወጋችብን» አሉሽ።

ማቀዝቀዣውን እይ ተብዬ ስመጣ በሩ ላይ በእጅሽ የተጻፈ ወረቀት አገኘሁ፤ «6፡00 ነቀልኩ። 12፡00 ጠፋ።» ላጥኩና ኪሴ ከተትኩት። ቀበሌው በጠራው ስብሰባ ላይ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ባትሪው ተፈትኗል፣ አስራ ሁለት ሰዓት ይይዛል» አልኩ። አንቺ ደግሞ፣ አፈር ልብላ፣ «በሩን ሳልገጥመው ቀርቼ ይሆን?» ብለሽ ራስሽን ጠረጠርሽ፤ አገሩንም ለቀሽ ሄድሽ። እወድሽ ነበር እታለም። ከአንቺ ይልቅ ግን ስሜን ወደድኩ።

ያለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ «መሪጌታ፣ እባክዎ ሕዝቡን አንዴ ያቁሙልኝ» አልኳቸው፤ አቆሙልኝ። ወረቀትሽን አነበብኩላቸው፤ የደበቅኩትንም ተናገርኩ።

ሀብትነሽ ማቋን እንደለበሰች መጣች። «ደጇ ላይ ቆሜ ስረግማት፣ አንተ ከኋላዬ አልነበርክም እንዴ?» አለችኝ።

«ነበርኩ» አልኳት።

አልሰደበችኝም። «ቤቷን ንገረኝ። የረገምኩ እኔ ነኝ፤ በእግሬ ሄጄ ላንሳላት» አለች።

ቅዳሜ ትደርስልሻለች። ተቀበያት፤ ጉልበትሽ ላይ ስትወድቅ አንሻት። «አብሬሽ ልምጣ» ብላት፣ «አንተን ማን ብዬ ይዤህ ልግባ?» አለችኝ።

ስምሽን የሸጠው
ልዑልሰገድ