ደብተሯን ለአባቷ ስለ ላኩላት እናመሰግናለን

ለተከበሩ የጀማሪ ጸሐፍት ሥልጠና አስተባባሪ
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ ጤናዎን፣ የወንበርዎን ጽናትና የማኅተምዎን ቀለም አምላክ እንዲጠብቅልን እመኛለሁ።

እኔ አካለ ወልድ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ በሥልጠናዎ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ያዳመጥሁ ሽማግሌ ነኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ስለ ድርሰት አጻጻፍ ያስተማሩን ብዙ ነውና፣ ፍሬ ያፈራውን እየቆጠርሁ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድሁ።

፩. «ጸሐፊ የሚያውቀውን ይጻፍ» አሉን። ፀሐይነሽ የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት መምህርት ቃልዎን ከመስማቷ በፊት ይህንኑ አድርጋ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለች አባቷ አቶ ፋንታ ከትምህርት ቤት አስወጥተው ለማታውቀው ሰው እንደ ዳሯት፣ በዓመቱ አምልጣ ቢቸና እንደ ገባችና በሰው ቤት እየሠራች እንደ ተማረች፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ዛሬ በሕይወት የሌሉት እናቷ በዚያ የሠርግ ቀን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ እንደ ሸኟት ጽፋለች። ሁለት ዓመት የፈጀባት አንድ ደብተር ነው፤ ቅጂ አልነበረውም።

፪. «ጀማሪ ረቂቁን ለታመነ ሰው ያስነብብ» አሉን። ደብተሩን በሁለት እጇ ሰጠችዎ። ማንም እንዳያይባት ስትለምንዎ «ልጄ፣ እኔ ዘንድ የገባ ምሥጢር መቃብር ገባ ማለት ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

፫. «አንባቢህን እወቅ» አሉን። እርስዎም አንባቢዋን ቀድመው አወቁላትና፣ በሳምንቱ «የቤተሰብ ስም ያለበት ስለሆነ እውነትነቱ ይጣራ» የሚል ባለ ማኅተም ወረቀት አያይዘው ደብተሩን ግንደወይን አጠገብ ለሚኖሩት ለራሳቸው ለአቶ ፋንታ ላኩላቸው። አቶ ፋንታ ፊደል ስላልቆጠሩ በሰፈሩ ዲያቆን አስነበቡት፤ ሦስት ቀን ሙሉ አዳመጡ። እንዲህ ያለ ትጉህ አንባቢ ለየትኛው ጀማሪ ተገኝቶ ያውቃል?

በአራተኛው ቀን አክስቷ ደውለው «አባትሽ ደብተሩን በብብቱ፣ ዱላውን በእጁ ይዞ ወጥቷል» አሏት። ከክፍል ጠመኔ እንደ ያዘች ቤቴ መጣች። የሰጠኋትን ውኃ እንኳ ሳትጨርስ ወደ ሞጣ በሚሄድ ሚኒባስ አሳፈርኋት። እዚያ ሂዳያ የምትባል፣ ኮሌጅ አብራት የተማረች የጨርቅ ነጋዴ፣ ከሱቋ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለቀቀችላት።

፬. «ለጸሐፊ ጸጥታ ያስፈልገዋል» ያሉን እዚህ ላይ ተፈጸመ። ፀሐይነሽ መስኮት በሌለው ክፍል፣ በጣቃ ጨርቅ መካከል፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እስክሪብቶዋን እያቆመች፣ የጠፋባትን ደብተር በቃሏ እንደገና መጻፍ ጀመረች። አሥራ አንድ ቀን አልወጣችም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እኔም ልጠይቃት ሄጄ ሳለሁ አቶ ፋንታ ሱቁ ደጃፍ ቆሙ። ማን እንደ ነገራቸው አላውቅም። ሂዳያ የጨርቅ መለኪያ ብረቷን ይዛ በሩ ላይ ተገተረች።

«አባባ፣ ዱላውን እዚህ ያስቀምጡ። ያለዚያ አይገቡም።»

አቶ ፋንታ ብረቱንም እሷንም አዩ። ከዚያ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት፤ ገብተውም ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ልጃቸውን ቀና ብለው ሳያዩ እንዲህ አሉ፦

«አንድ ቦታ ተሳስተሻል። እናትሽ ዝም አለች ብለሽ ጽፈሻል። ዝም አላለችም። ‹ልጄ ትማርልኝ› ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ‹ሰው ፊት ትንፍሽ ብትዪ አንቺም ከቤቴ ትወጫለሽ› ያልኋት እኔ ነኝ። አስተካክዪው።»

ፀሐይነሽ አላለቀሰችም። ደብተሩን ተቀብላ ገጹን ፈልጋ አገኘች። «ዝም አለች» የሚለውን ስትሰርዝ እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ቀደደው። ከዚያ «ሌላስ ምን አለች?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው እየተናገሩ እሷ እየጻፈች የከሰዓት በኋላው የመስጊድ አዛን ተሰማ። ይቅርታ አልለመኗትም፤ እሷም ይቅር አላለቻቸውም። ሲሄዱ ግን እስከ መናኸሪያ ሸኘቻቸው።

፭. ክቡር ሆይ፣ ይህን ፍጻሜ ከሥልጠናዎ ውጤቶች መካከል እንዳይመዘግቡት በትሕትና እለምንዎታለሁ። እርስዎ ማኅተሙን ሲያሳርፉ ስለ ዱላው አልጠየቁም። አባትየው በአራተኛው ቀን ደርሰውባት ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ የሚጻፈው ለእርስዎ ሳይሆን ለዳኛ ነበር። ሰውየውን ያለዘበው የሟች ሚስታቸው ልመና ትዝታ እንጂ የእርስዎ መመሪያ አይደለም። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ያንን የመቃብር ተስፋዎን ሰምቼ ስለ አመንሁ፣ ከጥፋቱ ድርሻዬን ወስጃለሁ፤ የእርስዎን ድርሻ የሚወስድልዎ ሰው ግን አላገኘሁም።

በስተርጅና ትምህርት ለገለጡልኝ ለእርስዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በማያልቅ አክብሮትና የራሴ ደብተር በተቆለፈበት መሳቢያ፣

አካለ ወልድ
ከቢቸና

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሥልጠናው ላይ ከፀሐይነሽ ጋር ሌሎች ዘጠኝ ሠልጣኞች ደብተራቸውን አስረክበውዎታል። ከዘጠኙ ሁለቱ ስልካቸው አይነሣም። ደብተሮቹን ለማን እንደ ላኩ ዛሬውኑ ያሳውቁን፤ ምስጋናውን በኋላ እናደርሳለን።